ከፊርማው በፊት ሳንቲሙን፦ ለደባርቅና ለዳባት ሰብሳቢዎች የቀረበ መመሪያ

ከጎንደር ተነሥቶ ዳባትንና ደባርቅን አልፎ በሊማሊሞ ቁልቁል የሚወርደው መንገድ የድሮ የሲራራ ነጋዴ መንገድ ነው። ጨርቁም፣ ጠመንጃውም፣ አሞሌ ጨውም በዚህ አቀበት ወጥቷል፤ የብር ገንዘቡም እንዲሁ። በስሜን ተራሮች ግርጌ ባሉ ቤቶች በሙዳይ ውስጥ፣ በአንገት ጌጥ ላይ ወይም በሣጥን ጥግ ማርትሬዛ ወይም የምኒልክ ብር ቢገኝ የሚያስደንቅ አይደለም።

ዛሬ ደግሞ ሌላ ዓይነት ሳንቲም ወደነዚሁ ቤቶች እየገባ ነው። ውጭ አገር ያለ ዘመድ የሚልከው፣ በፕላስቲክ ማኅደር የታሸገ፣ የደረጃ ቁጥር የተጻፈበት፣ አንዳንዴም የታዋቂ ሰው ፊርማ ያረፈበት ሳንቲም ነው። ፊርማና ማሸጊያ ዓይን ይስባሉ። የአያት ማርትሬዛ ደግሞ ያረጀ ስለሆነ ብቻ ብርቅ ይመስላል። ሁለቱም ግምት ገንዘብ ያስከስራል። ሳንቲምን ለመመዘን ትክክለኛው ቅደም ተከተል መጀመሪያ ሳንቲሙ፣ ቀጥሎ ደረጃው፣ ከዚያ ብርቅነቱ፣ በመጨረሻ ፊርማው ነው። ይህን የገለበጠ ገዢ ለወረቀት የብር ዋጋ ይከፍላል። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ይህንኑ ቅደም ተከተል ይከተላሉ፤ ፊርማው ብቻ ከማኅደሩ ጋር ስለሚመጣ ከብርቅነቱ ቀድሞ ይመረመራል፣ ዋጋው ግን በመጨረሻ ይደመራል።

እርምጃ 1፦ የያዙት ምን እንደሆነ ይለዩ

በአካባቢው የሚገኘው አሮጌ ሳንቲም አብዛኛው ከሚከተሉት በአንዱ ይመደባል።

*ማርትሬዛ ወይም ጠገራ ብር።* በአንድ ወገን የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ ምስል፣ በሌላው ሁለት ራስ ያለው ንስር አለበት። በላዩ የሚነበበው 1780 ንግሥቲቱ የሞተችበት የፈረንጅ ዓመት ነው። ሳንቲሙ ግን ከዚያ በኋላም ያው ዓመት እንደተጻፈበት ሲመታ ኖሯል። ከቪየና በተጨማሪ በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብራስልስ፣ በቦምቤይና በበርሚንግሃም ተመትቷል። የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ዐፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ሲመጣ ለበቅሎና ለእህል የሚከፈለው ማርትሬዛ በቪየና በገፍ እንዲመታ ተደርጓል። ሙሶሊኒም በ1935 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያን ለመውረር ሲዘጋጅ መምቻውን ከኦስትሪያ ወስዶ በሮም አስመትቷል። ስለዚህ በእጅዎ ያለው ማርትሬዛ ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው ሊሆን ይችላል፤ አባትዎ በተወለዱበት ዘመን የተመታም ሊሆን ይችላል።

*የምኒልክ ገንዘብ።* ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ በፓሪስ ተመታ፤ ምስሉን የቀረጸው ፈረንሳዊው ዣን ላግራንዥ ነው። ብሩ፣ ግማሹ ማለትም አላዱ፣ ሩቡና ግርሹ ከብር የተሠሩ ናቸው፤ ትንንሹ የመዳብ ነው። በብሩ ጀርባ ያለውን አንበሳ ልብ ብለው ይዩት። በአንዳንዱ ላይ የግራ፣ በአንዳንዱ ላይ የቀኝ የፊት እግሩን አንሥቷል፤ ሰብሳቢዎች ሁለቱን ለየብቻ ይቆጥሯቸዋል።

*የኃይለ ሥላሴ ዘመን ገንዘብ።* የ1923ቱ ተከታታይ 1 እና 5 ማቶና ከመዳብ፣ 10፣ 25 እና 50 ማቶና ከኒኬል የተሠሩ ናቸው። የ1936ቱ ደግሞ ሽማግሌዎች ስሙኒና ሽልንግ እያሉ የሚጠሯቸውን 25 እና 50 ሳንቲም ይጨምራል፤ ሽልንጉ የብር ነው። ክቡ ስሙኒ በመጠን ከሽልንግ ጋር ስለሚቀራረብ በብር እየተለበጠ እንደ ሽልንግ ያልፍ ነበር፤ በዚህ ምክንያት ጠርዙ ሞገድ ሞገድ ያለው ስሙኒ ተተካ። ክብ ስሙኒ ካገኙ ለብቻው ያስቀምጡት።

*የመታሰቢያ ሳንቲሞች።* በ1964 ዓ.ም. የቴዎድሮስ፣ የዮሐንስ፣ የምኒልክና የዘውዲቱ ምስል ያለባቸው የ5 ብር የብር ሳንቲሞች ወጥተዋል። ቴዎድሮስ ደጃዝማች ውቤን ድል አድርገው በየካቲት 1847 ዓ.ም. የነገሡት በዚሁ በስሜን፣ በደረስጌ ማርያም ስለሆነ ይህ ሳንቲም ለአካባቢው ሰብሳቢ የተለየ ትርጉም አለው። ከዚህም የሚቀርበው የ1970 ዓ.ም. የዱር እንስሳት ጥበቃ ተከታታይ ነው። ጢማሙ ጥንብ አንሳ በ10 ብር፣ የደጋ አጋዘን በ25 ብር የብር ሳንቲም፣ ዋልያው በ600 ብር የወርቅ ሳንቲም ላይ ተቀርጸዋል። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውም በዚያው በ1970 ዓ.ም. ነው።

*በማኅደር የታሸገ የውጭ ሳንቲም።* ከአሜሪካ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚመታው የአንድ አውንስ ንጹሕ ብር፣ «ሲልቨር ኢግል» የሚባለው ነው። በዚህ ሳንቲም ላይ ወደ እርምጃ 6 እና 7 ስንደርስ እንመለሳለን።

እርምጃ 2፦ አይጠቡት፣ አያሹት

ሳንቲም ሲገኝ እጅ የሚሮጠው ወደ አመድ፣ ወደ ሎሚ ወይም ወደ ጥርስ ሳሙና ነው። እጅዎን ይሰብስቡ። በብር ላይ የሚወጣው ጥቁርና ሰማያዊ ወዝ በዘመን የተጠራቀመ ስለሆነ ለሰብሳቢ የእውነተኛነት ምስክር ነው። ከታሸ በኋላ ሳንቲሙ ለሠርግ ጌጥ ያምር ይሆናል፤ ለሳንቲም ደረጃ በሚያወጡ ድርጅቶች ዘንድ ግን «የተጸዳ» የሚል ምልክት ይለጠፍበታል፤ ዋጋውም ያኔውኑ ይወርዳል።

ሳንቲሙን በሁለት ጣት ጠርዙን ብቻ ይዘው ይመልከቱት። ከታች ለስላሳ ጨርቅ ያንጥፉ፤ ቢወድቅ አይጎዳም። በመስኮት የሚገባ የጠዋት ብርሃን ከአምፖል ይሻላል። ሳንቲሙን ቀስ እያሉ ያዘንብሉት፤ ያልታሸ ብር ላይ ብርሃኑ በክብ ይንሸራተታል፣ የታሸው ላይ ግን ቀጫጭን ጭረቶች በአንድ አቅጣጫ ይታያሉ።

እርምጃ 3፦ ይመዝኑ፣ ይለኩ

መቶኛ ግራም የሚለይ ሚዛን ወርቅ ቤት ይገኛል፤ በትሕትና ከጠየቁ የሚከለክልዎ የለም። የሚከተሉትን ቁጥሮች በማስታወሻዎ ይያዙ።

- ማርትሬዛ፦ 28.07 ግራም፣ ስፋቱ 40 ሚሊሜትር ገደማ፣ ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር። ይህ 23.39 ግራም ንጹሕ ብር ማለት ነው።
- የምኒልክ ብር፦ 28.075 ግራም፣ ከሺህ 835 እጁ ንጹሕ ብር።
- የ1936 ሽልንግ፦ ወደ 7 ግራም።
- የአሜሪካው ሲልቨር ኢግል፦ 31.1 ግራም፣ ስፋቱ 40.6 ሚሊሜትር።

ብዙ እጅ የዞረ ሳንቲም ትንሽ ቀለል ሊል ይችላል፤ ማርትሬዛ 27.5 ግራም ቢመዝን አይደንግጡ። 25 ወይም 30 ግራም ቢመዝን ግን መጠርጠር አለብዎ።

ክብደቱ ልክ ከሆነ በውኃ ይፈትኑት። ውኃ የያዘ ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ ያስቀምጡና ሚዛኑን ወደ ዜሮ ይመልሱ። ሳንቲሙን በቀጭን ክር አስረው፣ የብርጭቆውን ታችም ጎንም ሳያስነኩ፣ ሙሉ በሙሉ ውኃ ውስጥ ያንጠልጥሉት። ትክክለኛ ማርትሬዛ ከሆነ ሚዛኑ 2.75 ግራም አካባቢ ያሳያል። ከመዳብ የተሠራ ተመሳሳይ ክብደት ያለው ሳንቲም ከ3 በላይ ያሳያል። ሲጨርሱ በለስላሳ ጨርቅ ጫን ጫን እያደረጉ ያድርቁት እንጂ አይፈትጉት።

ማግኔትም ይጠቅማል፤ ብርም ወርቅም በማግኔት አይሳቡም። ነገር ግን የ1923ቱ 10፣ 25 እና 50 ማቶና ኒኬል ስለሆኑ ይሳባሉ። ማግኔት ሳባቸው ብሎ እውነተኛ ማቶና የጣለ ሰው ሳንቲሙን ለባለ ሱቁ በነጻ ሰጠ ማለት ነው።

ቀጥሎ ጠርዙን ይዩ። በእውነተኛ ማርትሬዛ ጠርዝ ዙሪያ «ፍትሕና ምሕረት» የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ጽሑፍ ከጌጥ ጋር ተቀርጿል። ጠርዙ ላይ የመገጣጠሚያ መስመር ካለ፣ ጽሑፉ ከሌለ ወይም ፊቱ ላይ የአረፋ ቀዳዳ የሚመስሉ ነጥቦች ካሉ በሻጋታ የፈሰሰ ቅጂ ነው። የድሮ ነጋዴዎች የንግሥቲቱን ዘውድና የትከሻዋን ጌጥ ዕንቁዎች የሚቆጥሩት፣ ጥርት ብለው ካልታዩ ብሩን አንቀበልም የሚሉት ያለ ምክንያት አልነበረም። የፈሰሰ ሳንቲም መጀመሪያ የሚደበዝዘው እነዚህ ጥቃቅን ነገሮች ላይ ነው።

እርምጃ 4፦ ዓመቱን ያንብቡ፣ ነገር ግን አይመኑት

በኢትዮጵያ ሳንቲሞች ላይ ዓመቱ በግዕዝ ቁጥር ነው የተጻፈው። ፲፰፻፹፯ 1887፣ ፲፰፻፹፱ 1889፣ ፲፰፻፺፭ 1895፣ ፲፱፻፳፫ 1923፣ ፲፱፻፴፮ 1936፣ ፲፱፻፷፬ 1964፣ ፲፱፻፸ 1970 ነው። የፈረንጁን ዓመት ለማግኘት ሰባት ወይም ስምንት ይጨምሩ። የውጭ ሻጮች ማውጫ ሲያነብቡ ይህ ልዩነት ያደናግራል፤ በማስታወሻዎ ሁልጊዜ ሁለቱንም ይጻፉ።

ከዚህ የሚበልጠው ጥንቃቄ የቆመ ዓመት ነው። ማርትሬዛ በ1780 ቆሟል። የ1895ቱ ግርሽ ያንኑ ዓመት እንደያዘ ለረጅም ጊዜ ተመትቷል። የ1936ቱ ሳንቲምም እስከ ንጉሡ ዘመን ፍጻሜ ድረስ ዓመቱ ሳይለወጥ ሲመታ ኖሯል። በእነዚህ ላይ ያለው ቁጥር የሳንቲሙን ዕድሜ አይናገርም። ዕድሜውን የሚናገሩት ጥቃቅን ልዩነቶች ናቸው፤ የፊደሉ አጣጣል፣ የንስሩ ክንፍና ጅራት፣ የጌጡ አቀራረጽ። ማርትሬዛን በየመምቻው የመለየት ጥበብ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። ጥሩ ፎቶግራፍ ያለው ማውጫ ይዞ አንዱን ከሌላው ጎን እያስቀመጡ ማመሳከር ያስፈልጋል።

እርምጃ 5፦ ደረጃውን መጀመሪያ ራስዎ ይስጡት

ዓለም አቀፍ ሰብሳቢዎች የሚጠቀሙበት መለኪያ ከ1 እስከ 70 ይሄዳል። አሜሪካዊው ዊልያም ሼልደን በ1949 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ የመዳብ ሳንቲሞች አውጥቶት በኋላ ለሁሉም ዓይነት ሳንቲም ተስፋፋ። 1 ማለት ምን እንደሆነ ብቻ የሚለይ፣ ፈጽሞ ያለቀ ሳንቲም ነው። ከ60 ጀምሮ ያለው በገበያ ያልዞረ ነው፤ በፊቱ «ኤምኤስ» የሚል ምልክት ይጻፍበታል። ለሰብሳቢ ተብሎ በልዩ አመታት ከተመታ «ፒኤፍ» ወይም «ፒአር» ይባላል። 70 እንከን የማይገኝበት ነው።

በገጠር ሣጥን ውስጥ 65 አይጠበቅም። እርስዎ መለየት ያለብዎ «ዞሯል ግን ጥሩ ነው»፣ «በጣም አልቋል» እና «ተጎድቷል» የሚሉትን ሦስቱን ነው። በማርትሬዛ ላይ ከጆሮዋ በላይ ያለውን ጸጉርና የንስሩን የደረት ላባ ይዩ፤ መጀመሪያ የሚያልቁት እነሱ ናቸው። በምኒልክ ብር ላይ የዘውዱን ጌጥ፣ የንጉሡን ጢምና የአንበሳውን ጋማ ይዩ። ላባው ለየብቻ ከታየ ሳንቲሙ ጥሩ ነው፤ ደረቱ ልሙጥ ከሆነ አልቋል።

ከዚያ ጉዳቱን ይፈልጉ። በእኛ አገር ማርትሬዛ ገንዘብም ጌጥም ስለነበር ብዙው ተበስቷል ወይም ማንጠልጠያ ተበይዶበታል። ቀዳዳው ተደፍኖም ሊሆን ይችላል፤ በላይኛው ጠርዝ፣ ከንግሥቲቱ ራስ በላይ፣ የቀለም ልዩነት ካለ በማጉያ መነጽር ይመርምሩ። የተበሳ ማርትሬዛ በደረጃ ገበያ ዋጋው ይቀንሳል። ጌጡ ሙሉ ሆኖ ከነሐብሉ ከተገኘ ግን አይነቅሉት፤ የአካባቢው አንጥረኛ የሠራው ድሪ ከሳንቲሙ ይበልጥ ብርቅ ሊሆን ይችላል።

እርምጃ 6፦ ማኅደሩን ይመርምሩ

ሰብሳቢዎች «ስላብ» የሚሉት የታሸገ ማኅደር የሚመጣው ከሳንቲም ደረጃ አውጪ ድርጅቶች ነው። በዓለም ላይ ስማቸው የሚነሣው ሁለቱ አሜሪካውያን ናቸው፤ በ1986 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው ፒሲጂኤስና በ1987 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ኤንጂሲ። ሳንቲሙን ይመረምራሉ፣ ደረጃ ይሰጣሉ፣ ያሽጋሉ፣ የመለያ ቁጥር ያትሙበታል። ስላብ በእጅዎ ሲገባ እንዲህ ያድርጉ።

ሀ. የመለያ ቁጥሩን በስልክዎ ገብተው በድርጅቱ ማረጋገጫ ላይ ይፈልጉ። የሚወጣው የሳንቲም ዓይነት፣ ዓመትና ደረጃ በእጅዎ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። ፎቶ ካለ እያንዳንዱን ጭረትና የቀለም ጥላ ያመሳክሩ። የተጭበረበረ ስላብ ላይ ከእውነተኛ ሳንቲም የተቀዳ ቁጥር ሊገኝ ስለሚችል ቁጥሩ መኖሩ ብቻውን አይበቃም።

ለ. የማኅደሩን ጠርዝ በጥፍርዎ ይዳስሱ። የተሰነጠቀ፣ በሙጫ የተያዘ ወይም ተከፍቶ የተዘጋ ከመሰለ አይግዙት።

ሐ. መለያ ወረቀቱ ላይ ከቁጥር ይልቅ «ዲቴይልስ» የሚል ቃል ካለ ሳንቲሙ እውነተኛ ሆኖ ተጸድቷል፣ ተበስቷል ወይም ተበይዷል ማለት ነው። ሻጭ ይህን ቃል በአውራ ጣቱ ሸፍኖ ፎቶ ሊልክ ይችላል፤ ሙሉውን ፊትና ጀርባ ያስልኩ።

መ. ድርጅቶቹ ስንት ሳንቲም በየትኛው ደረጃ እንዳሸጉ የሚያሳይ ቆጠራ ያወጣሉ። ቆጠራው ይጠቅማል፤ ለኢትዮጵያ ሳንቲሞች ግን በጣም ያሳስታል። አንድ የ1936 ሳንቲም በቆጠራው ላይ ሦስት ብቻ ቢሆን በዓለም ላይ ሦስት ብቻ አለ ማለት አይደለም። የማሸጊያው ክፍያ ከሳንቲሙ ዋጋ ስለሚበልጥ የላከው ሰው ጥቂት ነው ማለት ነው። በሌላ በኩል አንዱ ሳንቲም የተሻለ ደረጃ ፍለጋ ደጋግሞ ተልኮ ሁለት ሦስት ጊዜ ሊቆጠር ይችላል። ሻጭ «በቆጠራው አንደኛ» ሲልዎ «ስንት ሰው ልኮ?» ብለው ይጠይቁ።

እርምጃ 7፦ ፊርማውን ለብቻው ይመዝኑ

የተፈረመበት ሳንቲም ሲባል ፊርማው ያለው በመለያ ወረቀቱ ላይ እንጂ በብረቱ ላይ አይደለም። በብረቱ ላይ በቀለም የተፈረመበት ሳንቲም ለደረጃ አውጪ የተጎዳ ሳንቲም ነው። ስለዚህ ሲገዙ ሁለት ዕቃ እየገዙ ነው፤ አንድ ሳንቲምና አንድ የተፈረመበት ወረቀት። የእያንዳንዱን ዋጋ ለየብቻ ይጻፉ።

የተለመደው ምሳሌ ሲልቨር ኢግል ነው። የጀርባውን ንስር የነደፈው የአሜሪካ ገንዘብ መምቻ ቀራጭ ጆን መርካንቲ ሲሆን ንድፉ ከ1986 እስከ 2021 እ.ኤ.አ. አገልግሏል። የእሱ ወይም የመምቻው ዳይሬክተር የነበረው የኤድመንድ ሞይ ፊርማ ያለባቸው ስላቦች በገበያ ላይ በብዛት አሉ። ሳንቲሙ በአንዳንድ ዓመታት ከ40 ሚሊዮን በላይ ተመትቷል፤ «ኤምኤስ 70» የሆነውም በጣም ብዙ ነው። ወረቀቱ ላይ የሚፈርም ሰው በሕይወት እስካለና ውል እስካለው ድረስ ፊርማውም ይጨምራል። የሳንቲሙ ብዛት ስለሚታወቅ፣ የፊርማው ብዛት ስለማይዘጋ፣ ትልቁን ጭማሪ ለፊርማው መክፈል አይመከርም።

ከመክፈልዎ በፊት እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ይመልሱ።

1. ፊርማው በእጅ ነው ወይስ የታተመ? በማጉያ መነጽር ሲታይ የብዕር ቀለም ወፍራምና ቀጭን ይሆናል፣ ሲደራረብ ይጠቁራል። የታተመው አንድ ወጥ ነው፣ አንዳንዴም በነጠብጣብ የተሠራ ነው።
2. የመለያ ቁጥሩ ሲፈተሽ ፊርማው ተመዝግቧል? ድርጅቱ የማያውቀው ፊርማ የሻጩ ቃል ብቻ ነው።
3. ፈራሚው ከሳንቲሙ ጋር ምን አገናኘው? የነደፈው፣ የቀረጸው ወይም ያስመታው ሰው ፊርማ ትርጉም አለው። የስፖርተኛ ወይም የተዋናይ ፊርማ በማያገናኘው ሳንቲም ላይ ከሆነ የፊርማ ሰብሳቢ ገበያ እንጂ የሳንቲም ገበያ አይደለም።
4. የተፈረመው ብዛት ተገልጿል? «ውስን» የሚል ቃል ያለ ቁጥር ምንም አይናገርም።
5. ያለ ፊርማ ያው ሳንቲም፣ በያው ደረጃ፣ ስንት ይሸጣል? ልዩነቱን ለወረቀት እንደሚከፍሉ አውቀው ይክፈሉ።

ስላቡን መስበር ፊርማውን ከሳንቲሙ ያፋታል፤ ስለዚህ ሳንቲሙን ለማየት ወይም ለመመዘን ብለው አይክፈቱት።

በአሮጌው ገንዘባችን ላይም ፊርማ አለ። በማርትሬዛ ላይ ከንግሥቲቱ ደረት በታች የሚታዩት ሁለት የላቲን ፊደላት በጉንዝቡርግ መምቻ ኃላፊዎች የነበሩት የሾብልና የፋቢ ስሞች መጀመሪያ ናቸው። ይህ ፊርማ በብረቱ ውስጥ ስለሆነ ተፈርሞ የሚጨመርበት አይደለም። ነገር ግን እሱም ከዓመቱ ጋር በኋለኛው ዘመን ቅጂ ሁሉ ላይ ተደግሟል። በብረት ያለ ፊርማም ቢሆን ብቻውን ብርቅነትን አያረጋግጥም።

ለስሜን ሰብሳቢ ከሁሉ የሚጠቅመው ፊርማ ሌላ ነው፤ የሰጪው ወይም የሻጩ ፊርማ። ሳንቲሙን ከአንድ ቤተሰብ ሲቀበሉ አንድ ገጽ ያጽፉ። በማን እጅ እንደነበር፣ ከየት ቀበሌ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ለጥሎሽ ወይም ለእህል ዋጋ ወይም ለደመወዝ እንደመጣ፣ ቀኑንና ፊርማውን። መጻፍ የማይችሉ ከሆነ በአሻራ ይሁን። አለም ላይ በብዛት ያለ ማርትሬዛ እንኳ እንዲህ ካለ ማስታወሻ ጋር ሲቀመጥ የአንድ ቦታ ታሪክ ይሆናል፤ ይህን ደግሞ ውጭ ያለ ደረጃ አውጪ ሊያትመው አይችልም።

እርምጃ 8፦ ብርቅነቱን በአራት ጥያቄ ይፍረዱ

አንደኛ፣ ስንት ተመታ? ሁለተኛ፣ ስንቱ ተረፈ? ብዙ የኢትዮጵያ ብር በአንጥረኛ ምድጃ ቀልጦ መስቀልና አንባር ሆኗል፤ ስለዚህ የተመታው ብዛት ከተረፈው ጋር አንድ አይደለም። ሦስተኛ፣ በዚህ ደረጃ ስንቱ አለ? አራተኛ፣ ስንት ሰው ይፈልገዋል? ፈላጊ የሌለው ብርቅ ነገር ርካሽ ሆኖ ይኖራል።

የተረፈውን ብዛት ለመግለጽ ሼልደን ሌላ መለኪያም አውጥቷል። ከ1 እስከ 3 የሚታወቅ ሳንቲም R8 ይባላል፤ ከ4 እስከ 12 R7፤ ከ13 እስከ 30 R6፤ ከ31 እስከ 75 R5፤ ከ76 እስከ 200 R4፤ ከ201 እስከ 500 R3 ነው። ከ1,250 በላይ የሚታወቀው R1 ነው፣ ማለትም ተራ።

እስቲ በምሳሌ እንፍረድ። ተራ ማርትሬዛ በመቶ ሚሊዮኖች ስለተመታ R1 ነው፤ ዕድሜው አያድነውም። የኋላ ዘመን ያልሆነ፣ የመጀመሪያዎቹ መምቻዎች ሥራ መሆኑ የተረጋገጠ ከሆነ ግን ፍርዱ ይለወጣል። የ1936ቱ 1 ሳንቲም በገበያ የዞረ ከሆነ ተራ ነው። የምኒልክ ብር ተራ ባይሆንም ያለቀው በየጊዜው ይገኛል፤ ሳይዞር የቀረው ግን የተለየ ነገር ነው፤ በዚያ ጊዜ ደረጃው ከዓመቱ ይበልጥ ዋጋ ያወጣል። የ1970ው ባለ ዋልያ የወርቅ ሳንቲም በመቶዎች ብቻ የተመታና ለውጭ ሰብሳቢ የተሸጠ ነው። 33.4 ግራም የሚመዝን፣ ከሺህ 900 እጁ ወርቅ ስለሆነ ወርቁ ብቻ ዋጋውን ከፍ ያደርገዋል። ደባርቅ ውስጥ አንድ ሰው «የዋልያ ወርቅ አለኝ» ብሎ ከመጣ መጀመሪያ ሚዛን፣ ቀጥሎ ጥርጣሬ ያስፈልጋል። ከዚሁ ተከታታይ ባለ ጥንብ አንሳው የብር ሳንቲም ለአካባቢው ሰብሳቢ ይበልጥ የሚደረስበት ግብ ነው።

እርምጃ 9፦ ዋጋውን ከታች ወደ ላይ ይሥሩ

የመጀመሪያው ወለል የብረቱ ዋጋ ነው። የዕለቱን የአንድ ግራም ብር ዋጋ ከወርቅ ቤት ይጠይቁና በንጹሕ ብሩ ክብደት ያባዙ። ለማርትሬዛ በ23.39 ነው። ከዚህ በታች የሚሸጥ ከሆነ ሻጩ ቸኩሏል ወይም ሳንቲሙ ሐሰት ነው። ቀጥሎ ለደረጃው፣ ከዚያ ለብርቅነቱ፣ ከዚያ ለተጻፈው ማስታወሻ፣ በመጨረሻ ለፊርማው የሚጨምሩትን ለየብቻ ይጻፉ። ድምሩ ከሻጩ ዋጋ ካነሰ ይተዉት።

ለጎብኚ በሚሸጥባቸው ቦታዎች የሚገኘው ሳንቲም ብዙውን ጊዜ በሻጋታ የፈሰሰ ነው። «የአክሱም ወርቅ» የሚል ነገር በመንገድ ዳር ሲቀርብልዎ እውነት ቢሆን ሕግ ይከለክልዎታል፣ ሐሰት ቢሆን ኪስዎ ይጎዳል፤ በሁለቱም መንገድ አይግዙ።

እርምጃ 10፦ ሕጉንና አቀማመጡን ይጠብቁ

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 በአጋጣሚ የተገኘ ጥንታዊ ነገር እንዲታወቅ ያዛል፤ ቅርስም ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። በእርሻ ወይም በቤት መሠረት ቁፋሮ ሳንቲም ቢያገኙ በዚያው ስፍራ ሌላ ነገር ሳይነኩ ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያሳውቁ። ደረጃ ለማሰጠት አሮጌ ሳንቲም ወደ ውጭ ከመላክዎ በፊትም በጽሑፍ ይጠይቁ። ለቤተ ክርስቲያን በስለት የገባ ብር ወይም ከመስቀልና ከመጋረጃ የተነቀለ ሳንቲም ቢቀርብልዎ፣ ርካሽም ቢሆን፣ አይንኩት።

በማስቀመጥ ረገድ የደባርቅ ክረምት ጉም ትልቁ ጠላት ነው። ሳንቲሙን ጭስ ካለበት ቤት ያርቁ፤ ሽታ ባለው ለስላሳ ፕላስቲክ ወይም በላስቲክ ማሰሪያ አይያዙት፣ አረንጓዴ ዝገት ያወጣበታል። ደረቅ የወረቀት ፖስታ ለእያንዳንዱ፣ ሁሉም በሚከደን ቆርቆሮ፣ እርጥበት የሚመጥ ከረጢት ከውስጥ። በማስታወሻ ደብተርዎ ለእያንዳንዱ አንድ መስመር ይያዙ፦ ዓይነት፣ ዓመት በሁለቱም አቆጣጠር፣ ክብደት፣ የውኃ ውጤት፣ እርስዎ የሰጡት ደረጃ፣ ስላብ ካለው ቁጥሩ፣ ፊርማ ካለው የማን፣ ከማን እንደመጣ፣ የከፈሉት ዋጋ።

ለመጀመር ከፈለጉ ዛሬውኑ ቤት ውስጥ ያለውን አንድ ሳንቲም አውጥተው ይመዝኑ፣ ጠርዙን ያንብቡ፣ ያንን መስመር ይሙሉ። ዘመድዎ ከውጭ ምን ልላክልዎ ብሎ ቢጠይቅ ደግሞ በያዘው ገንዘብ ከተፈረመበት ሲልቨር ኢግል ይልቅ ያልተፈረመበትን ባለ ጥንብ አንሳ ሳንቲም፣ ቁጥሩ ከተረጋገጠ ስላብ ጋር፣ እንዲፈልግልዎ ይንገሩት።